የታሸገችው መኪናና የጣቢታ የቆጮ ጉድጓድ

ጣቢታ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። ይህን ጠባይዋን ጎረቤቶቿና ሦስት ልጆቿ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሽብሩ ግን አያውቅም ነበር። ስለዚህ በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ መገባደጃ ላይ ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ አቤቱታዋን ስትነግረው፣ ጨዋ ሴት ናት፣ ትጠብቃለች ብሎ ወደ ሌላ ወረቀት ዞረ።

አቤቱታዋ አጭር ነበር። ግቢዋ ውስጥ ታሽጋ የቆመችው መኪና ቤንዚን ታፈስሳለች። ቤንዚኑ መሬት ለመሬት ወደ ቆጮ ጉድጓዷ እየሄደ ነው። ወይ መኪናዋን ውሰዱልኝ፣ ወይ መጥታችሁ ቤንዚኑን ቅዱልኝ፣ ወይ ደግሞ ፍቀዱልኝና እኔ ላስቀዳው አለች። ከሦስቱ የፈለጉትን እንዲመርጡ ነበር የጠየቀችው። ጓድ ሽብሩ ከሦስቱ አንዱንም አልመረጠም።

መኪናዋ የኃይለመለኮት ነበረች። ኃይለመለኮት ከሰሜን ተዛውሮ መጥቶ ሆሳዕና ውስጥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ወንደላጤ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው አሮጌ ስፖርት መኪና ነበረችው። በሆሳዕና ጭቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መንዳት እብደት መሆኑን ያልነገረው ሰው የለም። ክረምት ሲገባ ሰው ይገፋታል፤ በጋ ሲመጣ አቧራ ውጧት ትቆያለች። ከምትነዳበት ቀን የምትታጠብበት ስለሚበልጥ የሰፈሩ ሰው ስሟን “ወይዘሪት” ብሎ አወጣላት። የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢ ስለሌለው፣ የጣቢታ ሟች ባል ለጋሪው በሠራው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ያቆማት ነበር። ጣቢታም ጎረቤት ነው ብላ ዝም አለች። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ኃይለመለኮት ጠብታም አያባክንም፤ ከኋላ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ታንኮች እስከ አፍ ገደባቸው ሞልቶ ማቆየት ልማዱ ሆነ። ሌላው ሰው እህል ሲያከማች እሱ ቤንዚን አከማቸ።

በ1976 ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ወሰዱት። ለምን እንደወሰዱት የተናገረ የለም፤ ደፍሮ የጠየቀም የለም። በማግስቱ የቀበሌው ሰዎች መጡና መኪናዋ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ናት አሉ። በመጀመሪያ ባትሪዋን ነቀሉ፤ እሱ ለጓድ ሽብሩ ቴፕ ሳይሆን አልቀረም። ከዚያ ኮፈኗን፣ በሮቿንና የሁለቱን ታንኮች ክዳን ማኅተም ባረፈበት ወረቀት በሙጫ አሸጉ። ጣቢታን ደግሞ የንብረቱ ጠባቂ አደረጓት። እሽጉ ተነክቶ ቢገኝ በአሻጥር ትጠየቂያለሽ የሚል ወረቀት አስፈረሟት። ዳኘ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጓድ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ጠመንጃውን አንግቶ እየመጣ እሽጉን ዓይቶ ይሄዳል። አይጠይቋት፣ አይከፍሏት፣ አያመሰግኗት። በገዛ ግቢዋ የሰው መኪና ዘበኛ ሆነች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽታው መጣ። መጀመሪያ ላይ ልጆቿ ራሳችንን አመመን አሉ። ቀጥሎ ከመጠለያው ሥር ያለው መሬት ጠቁሮ ታየ። የግራው ታንክ ስፌቱ ዝጎ ኖሮ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሁለቱ ታንኮች ደግሞ በቱቦ የተያያዙ ስለሆኑ የቀኙም በግራው በኩል እየሄደ ነው። ከመጠለያው ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ለዓመታት የቦረቦራት ትንሽ ቦይ አለች፤ በቤቱ ጎን አድርጋ ወደ ጓሮ ትወርዳለች። ጓሮው የእንሰት ማሳ ነው። እዚያ፣ ከመኪናዋ አሥራ አራት እርምጃ ላይ፣ የጣቢታ የቆጮ ጉድጓድ አለ።

ያ ዓመት እህል ከገበያ የጠፋበት፣ ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ሰው እንቅልፍ የሚነሳበት ዓመት ነበር። ሆሳዕናን ያቆማት እንሰት ነው። ጣቢታ ባለፈው ጥር ከጎረቤቶቿ ጋር የፋቀችው አሥራ ሁለት እንሰት፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ልጆቿ እስከሚቀጥለው ፋሲካ የሚበሉት እሱን ነው። ሌላ የላቸውም። ቆጮ ደግሞ የአካባቢውን ሽታ ይስባል፤ ቤንዚን አንዴ ከነካው አጥበህ አታድነውም፤ ለከብትም አይሆን።

ስለዚህ በየማለዳው የሾለ እንጨት ይዛ ትወጣለች። ቦይዋን ተከትላ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች እንጨቱን መሬት ውስጥ ትወጋና አውጥታ ታሸትታለች። ቀበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደች ቀን ሽታው ስድስት እርምጃ ላይ ነበር።

ጓድ ሽብሩ ማመልከቻ ጻፊ አላት። ጻፈች፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረች ጽሕፈቷ ከሱ ይሻላል። ማመልከቻውን ይዛ ስትመለስ፣ የታሸገ ንብረት የሚመለከተው አውራጃውን ነው አላት። አውራጃ ሄደች። ያሸገው ቀበሌው ስለሆነ የሚመለከተው ቀበሌውን ነው አሏት። ተመለሰች። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ላይ ነን፣ በዓሉ ይለፍ አላት። በዓሉ አለፈ። በዓሉ ስላደከመን ሳምንቱ ይለፍ ተባለ። ሽታው ዘጠኝ እርምጃ ደረሰ። እሳት ቢነሳስ፣ ልጆቼን ይዤ ብቃጠልስ ብላ ጠየቀችው። ጓድ ሽብሩ ሲጋራውን እያጨሰ፣ ኮሚቴው እስኪወስን ቤትሽ ውስጥ እሳት አታንድጂ ብሎ መከራት። ሦስት ልጅ ያላት ሴት እሳት ሳታነድ ምን ታብላቸው? እሱን ኮሚቴው አልተወያየበትም።

አምስተኛ ጊዜ የሄደች ቀን ቢሮው ዝግ ነበር። በማግስቱ ማለዳ እንጨቷ አሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ሸተተ። ጣቢታ እንጨቱን በጉልበቷ ለሁለት ሰበረችና ማቴዎስ ጋ ሄደች።

ማቴዎስ የሚሲዮኑ ጋራዥ ሳይዘጋ በፊት እዚያ ለአሥራ አምስት ዓመት የሠራ መካኒክ ነው። አሁን በቤቱ ደጃፍ ብስክሌትና የእህል ወፍጮ ሞተር ይጠግናል። ጉዳዩን እንደሰማ የመጀመሪያ ቃሉ እምቢ ነበር። እጄ እዚያ መኪና ላይ ቢታይ ነገ ኃይለመለኮት ያለበት ነው የምገኘው አላት። ጣቢታ አላግባባችውም፣ አልለመነችውም።

“አንተ እንድትነካ አልጠየቅሁህም” አለችው። “ንገረኝ። እጅ እኔ አለኝ።”

ማቴዎስ ይህን ሲሰማ እንደ መቆጣትም እንደ ማፈርም አደረገው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገራት። ቤንዚን ፈሳሹ ብቻ አይደለም፣ ትነቱ ይብሳል አላት። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ ከሃያ እርምጃ ላይ ያለ ምድጃ ጋ ሄዶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ከነፋሱ በታች ያሉት የሁለቱ ጎረቤቶችሽ ምድጃም ይጥፋ። በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳት የሚባለውን የሹፌሮች ልማድ እርሺው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ይገድላል። ታንኩ ሥር የነሐስ ቡሎን አለች፤ እሷን ነው የምትፈቺው። መፍቻውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዪው፤ አልላቀቅ ካለችሽ በብረት መዶሻ እንዳትመቺ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ፍንጣሪ አለው። የምትቀጂበት ሳፋም ጀሪካንም ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ አይሆንም፤ የሸክላ እንስራማ ያልበዋል። ሽቦ ከመኪናዋ ገላ ወደ ሳፋው፣ ከሳፋው ወደ ጀሪካኑ እሰሪ፤ ቤንዚኑ ሲፈስ ፍንጣሪ እንዳይፈጥር ነው። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙዪው። ደረቅ አፈር ክምር አጠገብሽ ይኑር፤ ውሃ አይደለም፣ አፈር።

አንድ ነገር ቀርቶት ነበርና ወደ ግድግዳው እያየ ቀጠለ። ናይሎን የለበሰች ሴት አትጠጋ አላት። ናይሎን ሲታሽ ፍንጣሪ ያወጣል። የራስ ሻርፕም ይሁን፣ ሹራብም ይሁን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውም ይሁን አላት። ጣቢታ ገብቶኛል አለችው። ያን ጊዜ በሆሳዕና የናይሎን የውስጥ ልብስ የሌላት ሴት ኋላ ቀር ነበረች።

የቀረው ዳኘ ነው። ዳኘን በምን ያርቁታል? መልሱን ያገኘችው ጣቢታ ራሷ ናት፤ እሱም ከጓሮዋ የወጣ ነበር። በሀዲያ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ሥራው የሴት ነው። እግር ተዘርግቶ፣ ልብስ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ክንድ ተራቁቶ ይሠራል። ወንድ ብቅ ካለ በዘፈን ተሰድቦ፣ የእንሰት ጭማቂ ተረጭቶበት ነው የሚባረረው፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመት መሳቂያ ሆኖ ይኖራል። ዳኘ ደግሞ የዚያው የሀዲያ፣ የሀቢቾ መንደር ልጅ ነው። ጠመንጃ ያንግት እንጂ የእናቱን ሥርዓት አልረሳም።

ጣቢታ ደቦ ጠራች። ስድስት ሴቶች መጡ፤ አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያናቸው ከመታሸጉ በፊት በአንድ መዘምራን የዘመሩ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ በር እሽግ ላይ ያለው ማኅተም መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ለጸሎት ሰብሰብ ካሉ ይታሰራሉ፤ እንሰት ለመፋቅ ከተሰበሰቡ ግን የሚጠይቃቸው የለም። የቅርብ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ቀድማ ምድጃዋን በውሃ አጥፍታ ስትመጣ፣ ከቀበቶዬ በላይም በታችም ናይሎን የለኝም፣ ፈትሹኝ ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። አንዷ ወደ ጓዳ ገብታ የውስጥ ልብሷን አጣጥፋ በዘንቢል ይዛ ወጣች።

ሁለት እንሰት ከአጥሩ አጠገብ ጣሉና ለወጉ ያህል መፋቅ ጀመሩ። ማቴዎስ ከአጥሩ ውጭ፣ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ፣ መንገድ ዳር የተበላሸ ብስክሌት ገልብጦ ተቀምጧል። ወደ ውስጥ አላየም። ጎማውን እያሽከረከረ ለሴቶቹ ሲናገር፣ ለብስክሌቱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ጣቢታ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ መኪናዋ ሥር በጀርባዋ ገባች። ቡሎኗ በመፍቻው አልነቃነቅ አለች። እጇን ስትዘረጋ ዓለሚቱ የእንሰቱን ሥር የሚወቅጡበትን ከባድ እንጨት አቀበለቻት። በእንጨቱ የመፍቻውን እጀታ ሁለቴ መታችው፤ ሦስተኛው ላይ ቡሎኗ ላላች። ለነገሩ በዚያ ግቢ ካሉት የመፋቂያ ዕቃዎች አንዱም ብረት አልነበረም፤ ሁሉም ቀርከሃና እንጨት ነው። ማቴዎስ በጋራዥ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጥሩ መሣሪያ አልነበረውም።

ቤንዚኑ መውረድ ጀመረ። ሳፋው ሲሞላ ጣቢታ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ትደፍናለች፤ ሌላ ሳፋ ይተካል። ቤንዚኑ በክንዷ ወርዶ ብብቷ ድረስ አቃጠላት። ሴቶቹ የሞላውን ከፍ ወዳለው የግቢው ጥግ እየወሰዱ በዝግታ ወደ ጀሪካን ይገለብጣሉ። አንዱ ጀሪካን ሞላ። ሁለተኛው ሊጋመስ ሲል ፍሰቱ ቀጠነ፤ ጎርጎር አለ፤ ቆመ።

ታንኩ አላለቀም ነበር፤ በጣቷ ስትቆረቁረው ድምፁ የሙሉ ነው። ዓለሚቱ ወደ አጥሩ ሄዳ ቆሟል አለች። ማቴዎስ ጎማውን ማሽከርከር አቆመ።

“አየር አጥቷል” አለ። “የታንኩ መተንፈሻ ክዳኑ ላይ ነው። እሽጉ ደፍኖታል። ለጠብታ የሚበቃ አየር ይገባው ይሆናል፤ ለመውረድ ግን አይበቃውም። ክዳኑ ካልተከፈተ ነገም ቢሆን አይወርድም።”

ጣቢታ ከመኪናዋ ሥር ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። እስከዚህ ድረስ የነካችው ቡሎን ብቻ ነው። መልሳ ብትዘጋው፣ አንድ ጀሪካን ተኩል ቢጎድል ማንም አያውቅም። እሽጉን ግን ዳኘ በቀን ሁለት ጊዜ ያየዋል። እሽግ መስበር አሻጥር ነው፤ አንዴ የተወሰደ ሰው ደግሞ እነሆ መኪናው ግቢዋ ውስጥ ናት፣ እሱ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹ መፋቂያቸውን አስቀምጠው አዩዋት። ትተው ቢሄዱ አትቀየማቸውም ነበር።

“ማንም እንዳይነካ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “የምነካው እኔ ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።”

መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን እሽግ በጥፍሯ ላጠችው። ማኅተሙ ለሁለት ተቀደደ። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና ክዳኖቹን ከፈተች። ታንኩ እንደ ታፈነ ሰው አየር ሳበ፤ ከሥር ቤንዚኑ እንደገና ወረደ።

በዚህ መሃል ዳኘ መጣ። ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ነበር፤ ጣቶቹ መሃል የሚነድ ሲጋራ ይዟል። ነፋሱ ወደ በሩ ነው። ዓለሚቱ ሁለት እጇን በእንሰት ጭማቂ እንደነከረች በሩ ላይ ተገትራ ዘፈኑን ጀመረች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። በሀዲይኛ እናቱን፣ አክስቶቹንና እስከዚያ ቀን ሚስት ያላገኘበትን ምክንያት እየጠሩ ዘፈኑለት። ዳኘ ፊቱ ቀልቶ ከበሩ ሦስት እርምጃ ሸሸ። እሽጉን ማየት አለብኝ አለ። ልብሳችንን እስክንሰበስብ ጠብቅ አለችው ዓለሚቱ። ዳኘ ዞረና ሲጋራውን መንገድ ዳር ወዳለችው ሌላ ቦይ ወረወረው።

ማቴዎስ ከተቀመጠበት የተነሳበትን ፍጥነት ያየ ሰው ሃምሳ ዓመቱ ነው አይልም። ሲጋራውን ከነእሳቱ በባዶ መዳፉ ከቦይዋ አንስቶ ጨበጠው። ዳኘ አፈጠጠበት።

“ወንድሜ” አለው ማቴዎስ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ “እዚህ ሰፈር ሰው ይኖራል። ሂድና ወዲያ አጭስ።”

ዳኘ የገባው ነገር የለም። መካኒኩ አበደ ብሎ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በማቴዎስ መዳፍ ላይ የቀረው ጠባሳ እስኪሞት ድረስ አልጠፋም።

ከእኩለ ቀን በፊት አራት ጀሪካን ሞላ፤ ታንኮቹም ደረቁ። ባዶ ታንክ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከሙሉ ይብሳል ብሎ ማቴዎስ ስላስጠነቀቀ ሁለቱንም በውሃ ሞሏቸው። ቡሎኗን መልሰው አጠበቁ። ጣቢታ ጠቁሮ የራሰውን አፈር በአካፋ እየዛቀች ከግቢው አወጣች፤ ቦይዋን በአዲስ አፈር ደፈነች። ከዚያ ታጠበች፣ ልብሷን ቀየረች፤ አራቱን ጀሪካን በጎረቤት አህያ አስጭና፣ ሁለቱን የተቀደዱ ወረቀቶች በእጇ ይዛ ቀበሌ ሄደች። ልትደብቀው አላሰበችም፤ የደበቀ ሌባ ይባላል።

ጓድ ሽብሩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ሲያይ ጮኸ። ስለ ቤንዚኑ መፍሰስ አራት ጊዜ ሲነገረው ያልጮኸ ሰው ስለ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ጮኸ። ለአምስት ሳምንት ማመልከቻዋ ላይ መወሰን ያቃተው ኮሚቴ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ክስ እንዲመሠረትባት ወሰነ። አራቱ ጀሪካኖች ወደ መጋዘን ገቡ ተባለ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ነዳጅ የለውም ተብሎ ከሰኔ ጀምሮ ቆሞ የነበረው የጓድ ሽብሩ ሞተር ብስክሌት በሰፈሩ መሃል እየተንጣጣ መሄድ ጀመረ። በክሱ ላይ ስለ ቤንዚን አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለ እሽግ ብቻ ነበር።

የፍርድ ሸንጎው የተቀመጠው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ዋዜማውን ጣቢታ ጉድጓዱን ከፈተች። ቤንዚኑ ደርሶ ኖሯል። በቦይዋ በኩል ያለው ጠርዝ፣ አንድ ክንድ የሚሆነው፣ ገና ቅጠሉ ሲገለጥ ሸተተ። እዚያ ቆማ ቤቷን፣ መኪናዋን፣ ሰማዩን ተራ በተራ አየች፤ የምትሰድበው አጣች። የተበላሸውን ለየች። ከላይኛው በኩል ያለውን በአዲስ ቅጠል ጠቅልላ መለሰችው፤ ግን ልትቀምሰው አልደፈረችም። ከተበላሸው ላይ አንድ እፍኝ ወስዳ ጋገረች።

ሸንጎው ሦስት ዳኞች አሉት። ሰብሳቢው ገብረክርስቶስ ከሰሜን መጥቶ ሠላሳ ዓመት ሆሳዕና የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ አንዱ መምህር፣ አንዱ የእህል ነጋዴ ናቸው። ጓድ ሽብሩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቆመ፤ ስለ ሕዝብ ንብረት፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ንቃት ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ገብረክርስቶስ ጣቢታን እሽጉን ሰብረሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰብሬአለሁ አለች። ለምን አላት።

ጣቢታ ከነጠላዋ ሥር በቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምጿ በጣም ዝቅ ስላለ ኋላ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

“ልጆቼ የሚበሉት ነው” አለች። “ለአምስት ሳምንት ደጅ የጠናሁት በዚህ ምክንያት ነው። መልሴ እሱ ነው። ቅመሱትና ፍረዱ።”

መምህሩ በልቼ ነው የመጣሁት አለ። ነጋዴው ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ አለ። ጣቢታ ቅቤ የለበትም ብላ ወደሱ አስጠጋችለት። ነጋዴው እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወረደ። ጓድ ሽብሩ ይህ ሸንጎውን መድፈር ነው ማለት ሲጀምር፣ ገብረክርስቶስ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ሁለት ጊዜ አላመጠ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሲተፋና ሲያስል በውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ዓይኑ ቀልቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

“እኔ በነፃ ለቅቄአታለሁ” አለ።

ሁለቱ ዳኞች ግን ጓድ ሽብሩን አዩና ጥፋተኛ ናት አሉ። ድምፅ ሁለት ለአንድ ሆነ። እንደ ትልቅ ምሕረት ተቆጥሮላት ዐሥራ አምስት ቀን ተፈረደባት። በዚያኑ ቀን ዳኘ ተልኮ በውሃ የተሞሉትን ታንኮች በአዲስ ወረቀትና በአዲስ ማኅተም አሸጋቸው።

የቀበሌው እስር ቤት የድሮ እህል ማከማቻ ነው፤ እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዓለሚቱ መጣች። ዳኘ ከበሩ ሳይነቃነቅ ምግቡን በእንጨት ወጋግቶ ፈተሸና አሳለፈው። ጣቢታ ቅጠሉን ፈታች። ከየትኛው ነው ብላ ጠየቀች። ዓለሚቱ ከላይኛው፣ ከመሃሉ ነው አለቻት። ልጆቹስ ቀመሱት ወይ አለች። ገና አልሰጠኋቸውም፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው ብዬ ነው አለች ዓለሚቱ።

ጣቢታ አሸተተችው። ቆረሰችና ምላሷ ላይ ለረጅም ጊዜ አቆየችው፤ ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዋጠች። እንደገና ቆረሰች። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ደጅ ስትጠና፣ መኪና ሥር ስትተኛ፣ ሲፈረድባትም ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። ዓለሚቱ ደንግጣ ምነው፣ ይሸታል እንዴ አለቻት። ጣቢታ አይ ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ንዴት ነበር ያስለቀሳት፤ አንድ ጠዋት በማይሞላ ሥራ፣ በአንድ ቡሎን፣ የተበላሸችውም አንድ ክንድ ሳትበላሽ ሁሉንም ማዳን ይቻል ነበርና። በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠርጋ የቀረውን ጠቅልላ መለሰችላት።

“ሂጂና አብያቸው” አለች። “ቤንዚን ቤንዚን አይልም።”